ዞርኪ 4 ጨረቃን ሁለት አድርጎ ያሳየኛል፣ ብሎን ብነካካ ደግሞ ባሰበት

ድርብ ጨረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዞርኪ 4 የሚባል የድሮ የሶቪየት ፊልም ካሜራ አለኝ፣ ሌንሱ ጁፒተር 8 ነው፣ 50 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ የብርሃን ክፍተቱ ኤፍ 2። አንድ ዓመት ያህል ያለ ምንም ችግር ሠርቼበታለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከቦርሳ ሳወጣው ከእጄ አመለጠና የወንበር ጠርዝ መታው። መሬት አልወደቀም። ሌንሱ አልተሰነጠቀም፣ ሻተሩም እንደ ድሮው ቀጭ ይላል፣ ስለዚህ ተረፍኩ ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ማታ ጨረቃ ላይ አነጣጥሬ ሌንሱን ኢንፊኒቲ (የሩቁ መጨረሻ) ላይ እስኪቆም አዞርኩት። ሁለት ጨረቃ! አንደኛዋ ከሌላዋ ትንሽ ከፍ ብላ ወደ ጎን ቆማለች። መመልከቻው መሃል ላይ ያለው ትንሹ ምስል ከትልቁ ጋር በምንም መንገድ አልገጥም አለ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ። ፊት ለፊት በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈታሁና ከሥሯ ያለችውን ሌላዋን በካቻቢቴ አዞርኳት። ሩብ ዙር ይሁን ግማሽ ዙር አላስታውስም። ወደ ጎን ያለው ክፍተት ጠበብ አለ፣ ከፍታው ግን ያው ነው። ከዚያ አንድ ፊልም ጨረስኩ። ታጥቦ ሲመጣ ሌንሱን መጨረሻ ድረስ አዙሬ ያነሳኋቸው የሩቅ ፎቶዎች ጥሩ ናቸው። ከቅርብ ያነሳኋቸው ሰዎች ግን ዓይናቸው ደብዝዞ ጆሯቸው ጥርት ብሎ ወጣ። ሁሉም! አንድ ሁለቱ ብቻ ቢሆኑ እጄ ነው እል ነበር።

ራሴ ልቀጥል ወይስ ለባለሙያ ልስጠው?

ዝምተኛ ሻተር፦
ሌላ ግዛ። ዞርኪ 4 እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1973 ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፣ ብርቅ ዕቃ አይደለም። ያንተን ለመለዋወጫ አስቀምጠው።

ጋሽ ብሎን፦
ድርብ ጨረቃ ልጄ፣ መጀመሪያ ካቻቢቴውን መሳቢያ ውስጥ አስገባና መሳቢያውን ዝጋ። ሌላ መግዛት አያስፈልግህም። ሬንጅፋይንደር፣ ማለትም ሁለት ምስል እያገጣጠምክ ፎከስ የምታደርግበት ካሜራ፣ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር ነው የገጠመህ።

ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ሳታውቅ የምታዞረው ብሎን ግን ቁማር ነው። ዓይንህን በምታስጠጋበት መስኮት ውስጥ ሰያፍ የቆመ መስታወት አለ፣ ብርሃኑን ከፊሉን ያሳልፋል ከፊሉን ይመልሳል። በእሱ አልፎ በቀጥታ የሚመጣልህ ትልቁ ምስል ነው። ትንሹ ምስል በጎን ካለችው ክብ መስኮት ገብቶ፣ ተንጸባርቆ መጥቶ መሃል ላይ ያርፋል። ይህንን ትንሹን ምስል ወደ ግራና ቀኝ የሚያንቀሳቅሰው የሌንሱን ጀርባ ተደግፎ የሚሄድ ክንድ ነው። ሌንሱ ሲወጣ ክንዱ በሞላ (በስፕሪንግ) እየተገፋ ይከተለዋል፣ ሌንሱ ሲገባ ክንዱም ይመለሳል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

እንግዲህ ሦስት የተለያየ ሕመም አለ፣ ሰው ግን ሦስቱን አንድ አድርጎ ያክማቸዋል። ትንሹ ምስል ከትልቁ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ይሄ ያናድዳል፣ ዓይን ያደክማል፣ በራሱ ግን ፎከስ አያበላሽም። ሌላው ሩቅ ያለ ነገር ሌንሱ መጨረሻ ላይ ቆሞ እያለ አለመግጠሙ ነው። ሦስተኛው ሩቁ ልክ ሆኖ ቅርቡ ሲስት ነው፣ እሱ ሁሉንም የሚያስለቅስ ስለሆነ በኋላ እንመጣበታለን።

አንተ ፎቶዎቹን አይተህ አላስተዋልከውም እንጂ ግማሹን መልስ ይዘሃል። ሌንሱን መጨረሻ ድረስ አዙረህ ያነሳኸው ጥርት ካለ ሌንሱ ከፊልሙ ያለው ርቀት ልክ ነው ማለት ነው። የሚዋሽህ መመልከቻው ነው። አሁን አንድ ነገር ንገረኝ፦ ጨረቃዋን ስታይ ሁለቱ ምስሎች ለመግጠም ገና መቃረብ ላይ ናቸው ወይስ ገጥመው ተላልፈዋል?

ጨለማ ክፍል፦
ከጋሽ ብሎን ጥያቄ ጋር የእኔንም መልስልኝ። እነዚያን ፊቶች በስንት ኤፍ ነው ያነሳሃቸው? ያ ያለ ችግር የሠራህበት ዓመትስ በስንት ነበር?

ደግሞ ይሄን ብዬ ልለፍ፣ ርዕሱ ባይሆንም። ዞርኪ 4 ላይ የሻተር ፍጥነት የሚቀየረው ፊልሙን ካዞራችሁ (ከወጠራችሁት) በኋላ ብቻ ነው። ሳይወጠር ስትቀይሩት ውስጡን ትሰብሩታላችሁ። አሁን ሲፈታታ በዚያው እንዳያበላሸው ብዬ ነው።

ድርብ ጨረቃ፦
ጋሽ ብሎን እግዜር ይስጥልኝ። ገና መቃረብ ላይ ናቸው። ሌንሱ ትንሽ ቢጨመርለት የሚገጥሙ ይመስላል፣ ግን ቆሟል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ጨለማ ክፍል፣ ፊቶቹን ቤት ውስጥ በኤፍ 2 ነው። በፊት አብዛኛውን ቀን ላይ ውጭ በ5.6 እና በ8 ነበር የማነሳው። ምን አገናኘው?

ጨለማ ክፍል፦
በደንብ ነዋ የሚያገናኘው! በ50 ሌንስ አንድ ሜትር ላይ ያለ ሰው በኤፍ 2 ስታነሳ ጥርት የሚለው ስፋት በአጠቃላይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክፍተቱን አጥበህ በ5.6 ስታነሳ ግን ወደ 13 ሴንቲ ይሰፋል። ከዓይን እስከ ጆሮ ያለውን ርቀት በጣትህ ለካው፣ 10 ሴንቲ አካባቢ ታገኛለህ። ስለዚህ ያ «ያለ ችግር» ያልከው ዓመት ችግር አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ፣ አልታየህም።

እኔ እንዲህ ሁለት ዓመት ተሸውጄ አውቃለሁ። ትልልቅ ሕትመት ማተም ስጀምር ነው የነቃሁት።

ጋሽ ብሎን፦
ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው እህቴ፣ ወደፊት ይጠቅመናል።

ድርብ ጨረቃ፣ «ገና መቃረብ ላይ ናቸው» ካልክ ከጆሮው ጋር ይገጥማል። ሩቅ ላይ ሳይደርስ የሚቀር ሬንጅፋይንደር ቅርብ ስትመጣም ያንኑ ጉድለት ይዞ ይመጣል። ምስሎቹን ለማገጣጠም ስትል ሌንሱን ከሚገባው በላይ ወደ ሩቅ ትወስደዋለህ። ፎከሱ ከሰውየው ጀርባ ያርፋል። ዓይን ይደበዝዛል፣ ጆሮ ይጠራል። አየህ፣ ካሜራው አልተበላሸም፣ ልኩ ተናግቷል እንጂ።

አሁን የምትሠራው በቅደም ተከተል ነው፣ ቅደም ተከተሉን ካፋለስክ ስትዞር ትውላለህ። መጀመሪያ ፊልሙን መልሶ ከሚጠቀልለው እጀታ ሥር፣ ዓይን በምታስጠጋበት በኩል ያለችውን ትንሽ ማንሻ አንቀሳቅሳት። እሷ ለዓይንህ ጥራት ናት። ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም። ደብዛዛ ምስል ይዘህ መስመር ማስተካከል አይቻልም። መነጽር የምታደርግ ከሆነ ሁልጊዜ አድርግ ወይም ሁልጊዜ አውልቅ፣ አታቀያይር።

ቀጥሎ ከፍታው። ክቡ መስኮት ዙሪያ ያለው ቀለበት ይፈታል። ጎማ ነገር ተጭነህ አዙረው እንጂ በፒንሳ አትንካው፣ ይቧጨራል፣ ከተንሸራተተም መስታወቱን ይዞት ይሄዳል። ከሥሩ በሽብልቅ ቅርጽ የተቀረጸ ብርጭቆ አለ፣ ያንን በቀስታ ስታዞረው ትንሹ ምስል ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ሲሄድ ግን ወደ ጎንም ይሸሻል። ሽብልቅ ስለሆነ ነው፣ አትደንግጥ። ከፍታውን ብቻ እያየህ ልክ ሲሆን አቁም።

ከዚያ ነው ያቺን የነካካሃትን ብሎን የምታዞራት። በጣም ሩቅ ያለ ነገር ምረጥ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ማማ፣ ወይም የለመድካት ጨረቃ። የጎረቤት ጣሪያ አይሆንም። ብሎኗን በፀጉር ስፋት፣ በፀጉር ስፋት ነው የምታዞራት። ገፍተህ እንዳትጫናት፣ ካቻቢቴው ሲጫን ራሱ ምስሉን ያንቀሳቅሰዋል። አዙር፣ ካቻቢቴውን አንሳ፣ ከዚያ እይ።

ፀሐይ ላይ እንዳታነጣጥር ደግሞ። የጨርቅ ሻተር ነው ያለህ፣ ሌንሱ አጉልቶ ይበሳዋል።

36ኛዋ ፍሬም፦
ይቅርታ ክሩን ልጠልፈው ነው። እኔ ካኖኔት QL17 የሚባል ሌላ ሬንጅፋይንደር አለኝ፣ የኔ ችግር የመሃሉ ምስል ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ቤት ውስጥ ጭራሽ የለም። የላይኛውን ክዳን ፈትቼ ማጽዳት ይቻላል ብለው ነግረውኝ… ጽዳቱን ጀምሬ ነበር። ማለቴ… ሰያፉን መስታወት በጥጥና በአልኮል ወለወልኩት። አሁን ያ ሊጠፋ የነበረው ምስል ጠፋ።

ጋሽ ብሎን፦
ውይ ልጄ።

36ኛዋ ፍሬም፦
አውቃለሁ። እባካችሁ አትጨምሩብኝ።

ጋሽ ብሎን፦
አልጨምርብህም፣ ሌላው እንዲማርበት ግን ልናገር። ያ ሰያፍ መስታወት ላይ ያለው ስስ ብረታማ ሽፋን በብዙ የቆዩ ካሜራዎች ላይ ምንም መከላከያ የለውም። በጣት ቢነካ ይጠፋል። በጥጥ ቢወለወል ጥጡ ላይ ወርቅማ ቀለም ሆኖ ይወጣል፣ ያኔ አለቀ። አቧራ ካለው በአየር መንፊያ ብቻ፣ በአፍ እንኳ አይነፋም፣ ምራቅ አለው። ሌሎቹን መስኮቶች፣ የዓይኑንና የፊቱን፣ እነሱን አጽዳ። ብዙ ጊዜ ደብዛዛነቱ ግማሹ እዚያ ያለ ጭጋግ ነው፣ ሰው ግን ቀጥታ ወደ ልቡ ይገባል።

ያንተን ለማዳን ከሞተ ካኖኔት የሚወጣ መስታወት ወይም ለዚሁ ተብሎ የሚቆረጥ ግማሽ አንጸባራቂ ብርጭቆ ያስፈልግሃል። ውፍረቱ ከድሮው ጋር እኩል ይሁን። ስትለጥፈው ሁሉም ነገር ከቦታው ስለሚነቃነቅ ከፍታውንም ሩቁንም እንደ አዲስ ታስተካክላለህ፣ ክዳኑ ሲነሳ ሁለቱም ብሎኖች ይታያሉ።

ግራ ዓይን፦
ሽፋኑ ለደከመ፣ ግን ላልተወለወለ ;) ካሜራ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። የዋናው መስኮት ፊት ላይ፣ በትክክል መሃል፣ የመሃሉን ምስል የምታክል ትንሽ ጥቁር ፕላስተር ለጥፉ። ቀጥታ የሚመጣው ብርሃን እዚያች ቦታ ላይ ይቀንስና ትንሹ ምስል ብቻውን ይጎላል። ቦታዋን እስክታገኙ ትንሽ ትደክማላችሁ። አያምርም፣ ይሠራል። አንዳንዱ ደግሞ ባለ ቀለም ስስ ፕላስቲክ በአንደኛው መስኮት ላይ ያደርጋል፣ ሁለቱ ምስሎች በቀለም ይለያሉ።

የኔ ጥያቄ ስለ ላይካ ኤም 6 ነው። አንዳንዴ ከጎን ብርሃን ሲመጣ የመሃሉ ምስል ነጭ ይሆንብኛል፣ ምንም አላይበትም። ዓይኔን ካንቀሳቀስኩ ይመለሳል። መስታወቱ እየሄደ ነው?

ጨለማ ክፍል፦
አይ፣ ያንተ ጤነኛ ነው። የዚያ ካሜራ አመል ነው። ከኤም 4-2 ጀምሮ መመልከቻው ውስጥ ከነበሩት ብርሃን ሰብሳቢ ሌንሶች አንዱን ቀነሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣው ኤም 6ም ያንን ወረሰ። በ2003 የወጣው ኤም ፒ ላይ ነው የተመለሰው። ዓይንህን መሃል አድርገህ ቀጥ ብለህ ስታይ ይጠፋል። ካልሆነ መሃል ላይ ያለችውን ወተት የመሰለች መስኮት በጣትህ ትንሽ ከልላት። ስማርት ስልክ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ እንደምትከልለው በለው።

ግራ ዓይን፦
ስድስት ወር ሙሉ ለጥገና ብር ሳጠራቅም ነበር እኮ! በጣት?

ጨለማ ክፍል፦
በጣት።

ዝምተኛ ሻተር፦
ሰው ሁሉ ሲጨነቅ ያየሁት በመሃሉ ምስል ነው። መመልከቻው ውስጥ ፎቶው የት እንደሚያልቅ የሚያሳዩት የፍሬም መስመሮችስ? የኔ ላይካ ኤም ላይ የ50 ሌንስ ስገጥም የ90 ሌንስ መስመር መጥቶ እዚያው ይቀራል፣ ከነካሁት ይስተካከላል፣ እንደገና ይቀራል።

ጋሽ ብሎን፦
ሌላ ግዛ ;)

ቀልዴን ነው። ኤም ላይ ሌንሱ ሲገጥም ቀለበቱ ላይ ያለው ጥርስ አፉ ውስጥ ያለውን ማንሻ ይገፋል፣ ማንሻው ደግሞ መስመሮቹን የያዘውን ስስ ቆርቆሮ ያንሸራትታል። ሌንሱን አውልቅና ከፊት ያለችውን የመምረጫ እጀታ በጣትህ ሳብ አድርገህ ልቀቃት። ቶሎ፣ ጠብ ብላ ከተመለሰች ካሜራው ጤነኛ ነው፣ የሌንሱን ጥርስ ወይም አዳፕተሩን ጠርጥር። እያመነታች፣ እየተጎተተች ከተመለሰች ግሪሱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ዘይት አትጨምርበት! ዘይት ለሁለት ሳምንት ያስደስትህና መስታወቶቹ ላይ ይወጣል።

ያው ፈተና ለሬንጅፋይንደሩ ክንድም ይሠራል። ሁላችሁም ሞክሩት። ሌንሱን አውልቁ፣ አፉ ውስጥ ከላይ ያለችውን ክንድ በንጹሕ ጣት ወደ ውስጥ በቀስታ ግፏት፣ በመስኮቱ እያያችሁ ልቀቋት። ትንሹ ምስል ከጣታችሁ ጋር እኩል መሄድ፣ እኩል መመለስ አለበት። መንገድ ላይ ከቆመ፣ ዘግይቶ ከተመለሰ፣ ወይም በሞከራችሁ ቁጥር ሌላ ቦታ ካረፈ ማንኛውም የልክ ብሎን አያድናችሁም። ዛሬ ታስተካክሉታላችሁ፣ ነገ ይስታል።

ድርብ ጨረቃ፦
ተመልሻለሁ። አራት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ሦስቱ ቀን ያንን ቀለበት ለመፍታት ነው። በመጨረሻ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ተጭኜ አላቀቅኩት።

የክንዱን ፈተና ሞከርኩ፣ ያለ ምንም ማመንታት ይመለሳል። ከፍታው ተስተካከለ። ጋሽ ብሎን እንዳሉት ብርጭቆውን ሳዞር ምስሉ ወደ ጎን ጥሎኝ ሄደ፣ ቀድመው ባይነግሩኝ ኖሮ ካሜራውን ወርውሬው ነበር። ከዚያ ሩቁን አስተካከልኩ። ጨረቃ አንድ ሆነች! አሁን ስሜን መቀየር ሊኖርብኝ ነው።

ግን… አንድ ሜትር ላይ አሁንም ይስታል። ሜትር ወስጄ ለካሁ፣ ካርቶን አቆምኩ፣ ማስመሪያ በሰያፍ አጋድሜ በኤፍ 2 አነሳሁ። ከበፊቱ በጣም ይሻላል፣ ግን ጥርት ያለው መስመር ካርቶኑን አልፎ 4 ሴንቲ ሜትር ኋላ ላይ ነው። አምስት ጊዜ አነሳሁ፣ አምስቱም እዚያው። ክንዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ሦስት ማዕዘን መሳይ ነገር ትንሽ ባጥፋት ቅርቡ ይስተካከላል የሚል ቪዲዮ አየሁ። ልሞክር?

ጋሽ ብሎን፦
አትሞክር!

ጨለማ ክፍል፦
አትሞክር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

36ኛዋ ፍሬም፦
አትሞክር። ከመከራ የተረፈ ሰው ምክር ነው።

ጋሽ ብሎን፦
ቪዲዮው ውሸት አይደለም። ያቺን ጫፍ ማንቀሳቀስ የቅርቡን ልክ ይለውጣል። ኤም ላይካ ላይ ክብ መንኮራኩር ነው ያለው፣ መሃሉ ያለችው ብሎን ሩቁን ታስተካክላለች፣ የክንዱን ርዝመት የምትቀይር ሌላ ብሎን ደግሞ ቅርቡን። ቤሳ የሚባሉት ካሜራዎች ማስተካከያ ከፍላሽ ማቀፊያው ሥር ነው። ዞርኪ ላይ ግን ሰው ጫፏን ያጥፋታል። ከታጠፈች በኋላ ሩቁም አብሮ ይነቃነቃል፣ ሩቁን ስታስተካክል ቅርቡ ይሸሻል፣ እንዲህ እየተመላለስክ ታመሻለህ። ይህን ከማድረግህ በፊት አጥፊው ካሜራው መሆኑን አረጋግጥ። እስካሁን አላረጋገጥክም።

ሬንጅፋይንደር ከሌንሱ ጀርባ የሚነበበውን ነው የሚናገረው። የሌንሱ ጀርባ ውሸት ከተናገረ ካሜራው ያንኑ ውሸት በታማኝነት ያሳይሃል። ሌላ ሌንስ ፈልግ። ከሰው ተዋስ። ያው ካርቶን፣ ያው ማስመሪያ፣ ያው አንድ ሜትር። ርቀቱን ስትለካ ከሌንሱ ጫፍ ሳይሆን ፊልሙ ካለበት ቦታ ጀምር።

ፊልም ማባከን ካልፈለግህ ደግሞ ዞርኪ የሰጠህን ዕድል ተጠቀምበት። ጀርባው ሙሉ በሙሉ ይወልቃል። ከሞተ ካሜራ የወጣ የማተኮሪያ ብርጭቆ ቆርጠህ፣ ሻካራው ገጽ ወደ ሌንሱ አድርገህ፣ ፊልሙ የሚያርፍባቸው ውስጠኛ ሐዲዶች ላይ አስቀምጠው። ውጪኞቹ ላይ አይደለም፣ እነሱ የኋላውን መጫኛ ሳህን የሚሸከሙ ናቸው፣ እዚያ ካስቀመጥከው ልኩ ሁሉ ይሳሳታል። ሻተሩን ቢ (እስክትለቀው ክፍት የሚቆይበት) ላይ አድርገህ በኬብል ክፍት አድርገህ ያዘው፣ በአጉሊ መነጽር እይ። ፊልሙ የሚያየውን ታያለህ። ከዚያ ተነስተህ በመስኮቱ እይ። ሁለቱ ከተስማሙ ጨርሰሃል።

ግራ ዓይን፦
እዚህ ላይ ልጨምር፣ ሌንስ ስትዋስ ከየት እንደመጣ እይ። የሶቪየት ሌንስ ላይካ ላይ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ስትገጥም ክሩ 39 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይገጥማል፣ ሩቁም ልክ ሊሆን ይችላል፣ ቅርቡ ግን ብዙ ጊዜ አይስማማም። መነሻ ልካቸው የተለያየ ስለሆነ ነው። እኔ ጁፒተር 3 የሚባል የሶቪየት ሌንስ ኤም 6 ላይ አድርጌ ስንት ፊልም ካባከንኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። አዳፕተርም አለ፣ በክር ሌንስ የሚገጥመው ካሜራ ከአፍ እስከ ፊልም 28.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኤም 27.8፣ ስለዚህ አዳፕተሩ በትክክል 1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። አንዳንዱ ርካሽ አዳፕተር ግን ይህን ልክ አይጠብቅም።

ዝምተኛ ሻተር፦
ሁሉም ልክ ሆኖ የሚስት ሌንስም አለ እኮ። የሶናር ዓይነት 50 ኤፍ 1.5 ስትዘጋው ፎከሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ካሜራ ላይ የሚፈርድ ሰው መጀመሪያ ይሄን ይወቅ።

ደግሞ ዞርኪ 4 በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለው ርቀት 38 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ይህ በጠበበ ቁጥር ፎከሱን በትክክል መያዝ ይከብዳል። ሌላው የሶቪየት ካሜራ ፌድ 2 እንኳ 67 አለው። ላይካ ኤም 3 ደግሞ ከ68 በላይ ሆኖ መመልከቻው 0.91 ያጎላል፣ ስታባዛው 62 ገደማ ይመጣል። ለኤፍ 2 ቅርብ ሥራ ከፈለግህ ሌላ ግዛ ያልኩህ ለዚህ ነበር፣ ለክፋት አልነበረም።

ጋሽ ብሎን፦
አሁን የተናገርከው ቁም ነገር ነው፣ መጀመሪያም እንዲህ ብትለው ጥሩ ነበር። ግን ለ50 በኤፍ 2 ልኩ የተያዘ 38 ይበቃል። ለ85 በኤፍ 2 ብትለኝ እስማማለሁ።

ኤም 3 ስላነሳህ፣ ለገዢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ። የእሱ ፕሪዝም የተጣበቀው በካናዳ ባልሳም ነው፣ ከዛፍ በሚወጣ ሙጫ። ዕድሜው ሲገፋ ይደርቃል፣ ከዚያ ትንሽ ምት ይበቃዋል። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ጠንከር አድርጎ ስላስቀመጠው ብቻ የመሃሉ ምስልና መስመሮቹ ጨለሙ ብሎ አመጣልኝ። ፕሪዝሙ ለሁለት ተላቅቆ ነበር። ሌላው ሁሉ ጤነኛ፣ ሻተሩ እንደ ሰዓት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በመስኮቱ እዩ፣ ጠርዝ ላይ የሸረሪት ድር ወይም ሻጋታ የሚመስል ነገር ካለ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። እሱን ቤት ውስጥ አትሞክሩ።

ድርብ ጨረቃ፦
ውጤት ይዤ መጣሁ። አንድ ጓደኛዬ ኢንዱስታር 61 የሚባል ሌላ የሶቪየት ሌንስ አዋሰኝ። የማተኮሪያ ብርጭቆ አላገኘሁም፣ በፊልም ነው የሞከርኩት። ያው ካርቶን፣ ያው ማስመሪያ። የእሱ ትልቁ ክፍተት 2.8 ነው፣ በዚያ አነሳሁ። ጥርት ያለው መስመር ካርቶኑ ላይ! በትክክል ካርቶኑ ላይ! ሩቁም ልክ ነው።

ስለዚህ ካሜራው ምንም አልሆነም። ጁፒተሩ ነው። አሁን በደንብ ሳየው የኋላው ቀለበት ብሎኖች አናታቸው ተቧጭሯል፣ ከእኔ በፊት አንድ ሰው ከፍቶታል። ስገዛው አላየሁም። ያቺን ጫፍ ባጥፋት ኖሮ ጤነኛ ካሜራ ለታመመ ሌንስ ብዬ አጣምሜ ነበር።

ጋሽ ብሎን፦
እንደዚያ ነው። የኋላው ናስ ከሌላ ሌንስ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ሲገጥሙት ክሩን በሌላ ጥርስ አስገብተውት። ከፈለግህ ለሌንስ ባለሙያ ስጠው። ካልፈለግህ አሁን ስህተቱን በቁጥር ታውቀዋለህ፣ 4 ሴንቲ ወደ ኋላ።

ጨለማ ክፍል፦
እኔ ብሆን አላስከፍተውም። ቅርብ ስታነሳ በመስኮቱ አገጣጥመህ፣ ከዚያ ሰውነትህን 4 ሴንቲ ወደ ኋላ ዘንበል አድርገህ ተኩስ። ፎከሱ ከጀርባ ስለሚያርፍ ስትሸሽ ዓይኑ ላይ ይመጣልሃል። መጀመሪያ ሞኝ ትመስላለህ፣ ከሁለት ፊልም በኋላ እጅህ ይለምደዋል። አለበለዚያ 5.6 አድርገውና እርሳው።

36ኛዋ ፍሬም፦
የሚያስታውሰኝ ካለ፣ ከሞተ ካኖኔት መስታወት አገኘሁ። ገጥሜዋለሁ፣ በጣቴ አልነካሁትም፣ በወረቀት ጠርዝ ይዤ ነው ያስገባሁት። የመሃሉ ምስል ቤት ውስጥም ይታያል። ከፍታው ትንሽ ይቀረዋል፣ ነገ ቀን ላይ እመለስበታለሁ።

ድርብ ጨረቃ፦
የመጨረሻው ዜና። ዘንበል ማለቱን ሞከርኩ፣ ጁፒተሩ ላይ፣ በኤፍ 2፣ አንድ ሙሉ ፊልም ፊት ብቻ። ከ36ቱ 29ኙ ዓይን ላይ ናቸው። አምስቱ ሰውየው እኔን አይቶ እሱም አብሮ ወደ ኋላ ዘንበል ያለባቸው ናቸው። ሁለቱ ደብዛዛ ናቸው፣ እጄ ነው።

የብሎኗን መሸፈኛ መልሼ አጥብቄያታለሁ። ካቻቢቴው መሳቢያ ውስጥ ነው።